ራጁ ያላየው ጅማት

ታላሶን ከአልጋዋ ወደ ወንበሯ ሳሻግራት ቀኝ እጄ ለቀቃት። አላዳለጠኝም፣ አልዞረብኝም። እጄ ብቻ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ ከሥሯ ወረደ። ልጄ በጎኗ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ጭንቅላቷ የአልጋውን ብረት ለጥቂት ሳተው።

«እማ፣ ደህና ነኝ፤ አትደንግጪ» አለችኝ ከመሬት ሆና።

ላነሣት ጎንበስ አልኩ። ቀኝ እጄ እምቢ አለ። ግራዬ ብቻውን አይችላትም፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ናት፣ እግሮቿ ባይሸከሟትም ቁመቷ እኔን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ወለሉ ላይ ትቻት ወጣሁና በአጥሩ በኩል እትዬ ብርቄን ተጣራሁ። እትዬ ብርቄ ጎረቤቴ ናቸው፤ አስተማሪ ባላቸውን ተከትለው ከወሎ መጥተው እዚሁ ነገሌ ያረጁ። እጃቸው ሳሙና እንደነካ ሮጠው መጡ። ሁለት ሆነን አነሣናት።

«ምን ነካሽ አንቺ? ይህን ሁሉ ዘመን ስታነሻት ኖረሽ ዛሬ ምን ሆንሽ?»

«እጄ እምቢ አለኝ እኮ፣ እትዬ።»

«እጅ ደግሞ እምቢ ይላል?»

ትከሻዬ ከዚያ በፊትም ያመኝ ነበር። ያን ጠዋት ግን ሕመሙ ፍርሃት ሆነ። ታላሶ በሕፃንነቷ ኃይለኛ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ትኩሳቱ ሲለቃት እግሮቿ ሳይመለሱ ቀሩ። አባቷ ሞቷል። ከአልጋ የሚያነሣት፣ ሽንት ቤት የሚያደርሳት፣ ገላዋን የሚያጥባት ይኸው የእኔ እጅ ነው። እጄ ከሄደ ልጄ ምን ትሆናለች? ያን ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሎኮ እባላለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድም ታላሶ እያነበበች አቃንታልኛለች። ሥራዬ የግመል ወተት መነገድ ነው። ይህን የምጽፈው ትከሻቸውን እያመማቸው «ምንም የለሽም» ተብለው ወደ ቤት ለሚመለሱ ሴቶች ነው። ብዙ ነን፤ አውቃለሁ።

የሕመሙ መነሻ ወተቱ ነው። ወተት ከፊልቱ መንገድ በአይሱዙ ይመጣልናል። መኪናው ሲቆም ሴቶቹ ከሥሩ እንሰለፋለን፤ ከላይ ያለው ሰው ጀሪካኖቹን ይወረውራል፣ እኛ እንቀልባለን። አንድ በአንድ እናውርድ ቢባል ፀሐዩ ይቀድመንና ወተቱ ይበላሻል። ከልጅነታችን ስንቀልብ ስላደግን ማናችንም አደጋ ነው ብለን አናውቅም። እንዲያውም ጥሩ የምትቀልብ ሴት ትመሰገናለች። መኪናው የጉዮ ነው። ጉዮ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዋርሳ ይለኛል፣ የባል ወንድምና የወንድም ሚስት በእኛ የሚጠራሩበት ነው። አንድ ቀን ከጭነቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ትልቁን ጀሪካን ከፍ አደረገና «ሎኮ፣ ያዢው!» ብሎ ለቀቀው። እጄን ከራሴ በላይ ዘርግቼ ያዝኩት። ትከሻዬ ውስጥ አሮጌ ጨርቅ ሲቀደድ ዓይነት ነገር ተሰማኝ። ወተቱ ግን ጠብ አላለም። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ በቀኝ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ሻሼን ለማሰር እጄን ሳነሣ ይወጋኛል። ብርድ ነው አልኩ። ነገሌ ላይ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ብርድ ነው።

ታላሶ ከወደቀች በኋላ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጥላው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪዞር ጠበቅኩ። ራጅ አነሡኝ። የራጁን ፎቶ ያየው ሐኪም «እናቴ፣ አጥንትሽ ደህና ነው፤ ምንም የለም» አለኝና የሚዋጥ ማስታገሻ ሰጠኝ። በእኛ ሰፈር ራጅ ማለት የመጨረሻ ዳኛ ነው። ራጅ ካላየው በሽታ የለም። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እጄ ግን የራጁን ነገር አልሰማም መሰለኝ፣ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ቀጥሎ ወጌሻ ጋ ሄድኩ፤ ኦቦ ጂሎ ጋ። የከተማችንን የተሰበረ እጅ ግማሹን የጠገኑት እሳቸው ናቸው፣ እንዲህ በቀላሉ የሚናቁ ሰው አይደሉም።

«ራጅ ደህና ነው አለኝ» አልኳቸው።

«ራጅ ያያል እንጂ አይዳስስም፣ ልጄ። ወልቋል ይሄ።»

ቅቤ አሹት፤ እግራቸውን ብብቴ ሥር ተክለው ክንዴን ሳቡት። የጮኽኩት ጩኸት ውጭ የታሰሩትን አህዮች አስደንግጧል ብለው እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ሁለተኛም ሄድኩ፤ ተሳብኩ። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ጭልፋ ከድስት ማንሣት አቃተኝ። ኦቦ ጂሎ አጥንት ያውቃሉ። የእኔ ግን አጥንት አልነበረም።

አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ሪህ ነው ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። መርፌው በተወጋሁ ቀን እፎይ ያሰኘኛል፤ በነጋታው ያው ነኝ። ሌሊት ሕመሙ ሲቀሰቅሰኝ የታላሶን ትንፋሽ እየሰማሁ እሳት ቢነሣ እንኳ አንስቼ ላወጣት እንደማልችል አስባለሁ። ያን ሐሳብ ለማንም አልተናገርኩትም።

ደክሞኝ ነበር። ለመታከምም ደክሞኝ ነበር። እትዬ ብርቄ ናቸው እየጎተቱ ወደ ሆስፒታሉ የመለሱኝ። በዚያ ቀን ያየኝ ሌላ ሐኪም ነው፤ ወጣት ነው። ፎቶውን ብዙም አላየውም። «እስቲ እጅሽን አንሺ» አለኝ። ከደረቴ አላለፈም። ከዚያ በራሱ እጅ ይዞ ከፍ አደረገው፤ ምንም ሳያግደው ወጣ። «አሁን ያዢው» ብሎ ሲለቀው ዱብ አለ።

«አየሽ፣ መገጣጠሚያው አልተቆለፈም፤ የሚያነሣው ገመድ ነው የተጎዳው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዝ ጅማት አለ። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ ጅማት በራጅ አይታይም።»

«ታዲያ በምን ይታያል?»

«ለጊዜው በአልትራሳውንድ።»

«እኔ ባል የለኝም» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው አፉን በእጁ ሸፈነ። በእኛ ከተማ አልትራሳውንድ ማለት እርግዝና ነው፤ ሌላ ሥራ ያለው አይመስለንም። ባሏ የሞተባት ሴት ያ በር ላይ ተቀምጣ ብትታይ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይገባል። ሐኪሙ ትከሻም ጉበትም ኩላሊትም ይታይበታል ብሎ አስረዳኝ። እሺ አልኩ። ወረቀቱን ግን ፍራሽ ሥር አስገብቼ ተውኩት።

ከፍራሹ ሥር ያወጣችው ታላሶ ናት ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ከሰዓት ሽንቷ መጣ። ጠራችኝ። በግራ እጄ ጎተትኳት፣ አቋቋሜን ቀየርኩ፣ ተንበረከክኩ፤ አልሆነም። እትዬ ብርቄ ገበያ ሄደዋል። አልደረስንም። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልብሷን በአንድ እጄ ስቀይርላት እንኳ አልዞረችም። በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

አልትራሳውንድ ያለበት ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ስድስት ሆድ ተደርድሯል፤ ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«አካም፣ እንዴት ነሽ አዴ? ስንት ወርሽ ነው?»

«ነጋ፣ ደህና። እኔ ትከሻዬን ነው።»

«ኧረ! ልጁ ትከሻሽ ላይ ወጣ እንዴ?»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ተራዬ ሲደርስ ባለሙያው ወረቀቱን አነበበና መሣሪያውን ሳያነሣ አስቀመጠው። «እናቴ፣ አልዋሽሽም። እኔ የተማርኩት ሆድ ማየት ነው። ትከሻ ማየት የራሱ ትምህርት አለው፤ ባየውም የማየውን አላውቀውም። ሐዋሳ የሚያዩ አሉ» አለኝ። ገንዘቤን አስመለሰልኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ አይቶ «ምንም የለሽም» ቢለኝ ኖሮ የት እደርስ ነበር?

ወሬው ግን ቤት ደርሷል። ጉዮ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሌላ ጊዜ ከበር «ታላሶ፣ ነጋ?» እያለ ነው የሚገባው። ያን ቀን ዝም ብሎ ገባ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። የሰጠሁትን ወተት አልነካውም።

«ዋርሳ፣ አንድ ነገር ሰምቻለሁ።»

«ምን ሰማህ?»

«እርጉዞች በሚታዩበት ቦታ ታየች ይላሉ።»

«ታይቻለሁ።»

ዱላውን አጥብቆ ያዘ። በእኛ ዘንድ ወንድም ሲሞት የወንድም ቤት ክብር በቀረው ወንድም ትከሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ብሎ መጠየቁ አያስነውረውም። «የወንድሜ ቤት ነው ይሄ!» አለ። «ንገሪኝ፣ ከማን ነው?»

ትከሻዬ ይመታብኛል። ሌሊቱን አልተኛሁም። ለማስረዳትም አቅም አልነበረኝም።

«ካንተ ነው» አልኩት።

ጉዮ ብድግ ብሎ ቆመ። ዱላው ወደቀ። «ምን? እኔ... እኔ መቼ... ልጅቷ እየሰማች ምን ዓይነት ነገር ነው!»

«ከመኪናህ ላይ ‹ሎኮ፣ ያዢው› ብለህ ከወረወርከው ጀሪካን ነው። የታየውም ትከሻዬ ነው። እሱንም ማየት አልቻሉም።»

ታላሶ አልጋዋ ላይ ሳቋ አመለጣት፤ ትራሷን አፏ ላይ ይዛ ተንፈራፈረች። ጉዮ ዱላውን ሳያነሣ ቁጭ አለ። ትከሻዬን እያየ «እስቲ አንሺው» አለኝ። ሞከርኩ። እስከ ደረቴ። እያየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ለምንድነው ያልነገርሽኝ?»

«ወተቱ አልፈሰሰም ነበር እኮ።»

ከዚያ በኋላ ወተቱን አንሥቶ ጠጣ። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ሐዋሳ እንሄዳለን። ወይፈኔን እሸጣለሁ፤ እንዳትከራከሪኝ» አለ። አልተከራከርኩትም።

ታላሶን ለእትዬ ብርቄና ለጉዮ ሚስት ትተን በአይሱዙው ተነሣን። ቦሬ ስንደርስ ጭጋግ ነው፤ ብርዱ ትከሻዬ ውስጥ ገብቶ ጥርሴን አንገጫገጨኝ። ጉዮ ጃኬቱን አውልቆ በታመመው ትከሻዬ ላይ ጣለልኝና እሱ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ነዳ። ከዚያን ቀን በፊት እንደዚያ አድርጎልኝ አያውቅም።

ሐዋሳ ላይ አልትራሳውንድ ያነሣችኝ ሐኪም ሴት ናት። ቀዝቃዛ ቅባት ትከሻዬ ላይ ቀብታ መሣሪያውን አንሸራተተች። «እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊ፣ ወገብሽን የምትነኪ ይመስል። አሁን ወደ ውጭ አዙሪው» ትለኛለች፤ ሳንቀሳቅሰው የማሽኑ ቴሌቪዥን ላይ ያለው ነገርም ይንቀሳቀሳል። ዝናብ የመታው አሸዋ ይመስላል። መሀሉ ላይ ጥቁር ቦታ አሳየችኝ።

«ይሄ ጅማትሽ ነው። ይሄ ጥቁሩ ደግሞ የተቀደደበት ነው።»

አለቀስኩ። መቀደዱ አይደለም ያስለቀሰኝ። እስከዚያ ድረስ ሕመሜን ያየ ሰው አልነበረም፤ ያመነኝም ጥቂት ነው። ያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

ግን እዚያም አላለቀም። ሐኪሟ እንዳለችው ቅዳዱ ወደ ውስጥ ሄዶ አጥንት ሥር ይገባል፤ አልትራሳውንድ ደግሞ አጥንት አልፎ አያይም። ስለዚህ ወደ አጥንት ሐኪም መራችኝ፤ እሱም ኤምአርአይ አዘዘ። ጉዮ ታገሠ፣ ታገሠና ፈነዳ።

«ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ማሽን ምንድነው? የሚያየው አንዱ ከሆነ ለምን እሱ መጀመሪያ አልታዘዘም?»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ወንበሩን ወደ እኛ አስጠጋና አስረዳን። እኔ በገባኝ መንገድ ልናገረው። ትከሻ እንደ እኛ የእንጨት ጎጆ ነው። ራጅ እንጨቱን ያያል፤ መሰበሩን፣ መውለቁን፣ መበላቱን ይናገራል፤ ማሰሪያውን ገመድ ግን አያየውም። የነገሌው ራጅ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን ነው ያልመለሰው። አልትራሳውንድ ገመዱን ያያል፤ እጅሽን እያንቀሳቀሰ ማየቱ ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ግን የሚያየው እንደ ያዘው ሰው እጅና ዓይን ነው። ኤምአርአይ ገመዱንም፣ ከገመዱ ጋር የተያያዘውን ጡንቻም፣ ከአጥንት ሥር ያለውንም ያሳያል፤ ውድ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። «ለአንቺ የፈለግኩት፣ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ በቀዶ ጥገና መስፋት ስላለብን ነው። ሳላውቅ ልቀድሽ አልፈልግም» አለኝ።

«ከተሰፋ በኋላስ?»

«ለወራት በዚያ እጅ ምንም አታነሺም።»

ሌላውን አልሰማሁትም። ታላሶ ብቻ መጣችብኝ።

ኤምአርአይ ክፍል በር ላይ ብረት ነገር ሁሉ አውልቂ ተባልኩ። ማሽኑ ማግኔት ነው፤ ብረት ይስባል፤ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ግራ እጄ ላይ እናቴ ያሰረችልኝ አምባር አለ። ቀኝ እጄ ጉልበት ስለሌለው ማውለቅ አልቻልኩም። እዚያ የምትሠራ ልጅ ሳሙና አምጥታ፣ እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «አይዞሽ እማማ፣ እኔው እጠብቅልሻለሁ» እያለች ቀስ ብላ አወጣችው። የራሷ አንጓ ላይ አድርጋ ጠበቀችልኝ።

ማሽኑ ጠባብ ቱቦ ነው። እንዳትንቀሳቀሺ ይላሉ፣ ከዚያ መዶሻና ወፍጮ አንድ ላይ ጆሮሽ ሥር ይነሣል። አያምም። ያስፈራል እንጂ አያምም። ዓይኔን ጨፍኜ ታላሶን ከአልጋ ሳነሣት አሰብኩ፤ መቶ ጊዜ አነሣኋት መሰለኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። «አልተበጠሰም» አለ። «ከፊሉ ተቀዷል፣ አብዛኛው ግን ይዟል። ጡንቻውም አልመነመነም። ለአሁኑ ቢላዋ አያስፈልግሽም፤ በስፖርት እንሞክረዋለን።»

ጉዮ እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። እኔም ልዘረጋ ስል አመመኝ።

«ግን ስሚኝ» አለ ሐኪሙ። «የሚስብሽ ወጌሻ የለም። የሚወረወር ነገር መቅለብ የለም። ልጅሽንም አታነሺም። የያዘው ክር ከተበጠሰ ሌላ ነገር ነው የምናወራው።»

«ታዲያ ማን ያነሣታል?»

መልሱን የሰጠችኝ ስፖርቱን የምታሠራዋ ባለሙያ ናት። «ማን ትነሣ አለ?» አለችኝ። «ትንሸራተት እንጂ። እጆቿ ደህና አይደሉ?» ከአልጋ ወደ ወንበር ድልድይ የሚሆን ለስላሳ ሳንቃ እንዳለ፣ ልጅቷ በእጆቿ እየተገፋች እንደምትሻገርበት አሳየችኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እናት ማንሣት አለባት ብዬ ነው የኖርኩት።

ጉዮ ነገሌ ሲደርስ ከአይሱዙው የጎን ሳንቃ አንዱን ነቀለ። አናጢ ጋ ወስዶ አስላገው፤ ጠርዙን አስከረከመው፤ እኔ ደረቅ ሳሙና እያሸሁ አለሰለስኩት። ታላሶ መጀመሪያ ፈራች። እኔ ከእሷ ይልቅ ፈራሁ። እትዬ ብርቄ ከኋላ፣ ጉዮ ከፊት ቆሙ። መሀል ላይ ስትደርስ ቆመችና «አጎቴ፣ እንዳትወረውረኝ» አለችው። እየሳቀች ተሻገረች።

መዳኑ ቶሎ አልመጣም። ለወራት ጣቶቼን ግድግዳው ላይ እንደ ሸረሪት እያስኬድኩ ወደ ላይ አወጣ ነበር። የምታሠራኝ ታላሶ ናት፤ «እማ፣ ከትናንት ዝቅ ብለሻል፤ አትለግሚ» ትለኛለች። የተሻለኝ ሲመስለኝ ተመልሶ የሚያመኝ ሳምንት ነበር፤ ተስፋ የቆረጥኩበትም። አሁንም ደመና ሲሆን ይሰማኛል። ጀሪካን አልቀልብም። ጉዮ ወርዶ በእጄ ያቀብለኛል፤ ሴቶቹ «ንግሥት ሆነች!» እያሉ ይጮኹብኛል። ይጩኹ። ከእነሱም ሁለቱ እንደኔ ትከሻቸውን ይዘው ሲመጡ ጉዮ መወርወሩን ለሁላችንም ተወው።

እህቶቼ፣ ራጁ ደህና ነው ቢላችሁም እጃችሁ ካልተነሣ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እጃችሁን አታስጎትቱት። አልትራሳውንድ ሲታዘዝላችሁ ወሬ ፈርታችሁ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር አታድርጉት፤ የሚያየው ሰው ትከሻ ማየት መማሩን ግን ጠይቁ። ኤምአርአይ ካስፈለገ ሐኪሙ ምክንያቱን ይንገራችሁ።

ዛሬ ጠዋት ከመደርደሪያው ላይኛው ዕርከን የስኳሩን ቆርቆሮ በቀኝ እጄ አወረድኩ። ሳላስበው ነው ያወረድኩት። ዞር ስል ታላሶ በሳንቃዋ ተሻግራ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም አልረዳትም። እኔ ድኛለሁ። ልጄም ከእንግዲህ ከእጄ አትወድቅም፤ እጄ ላይ አይደለችምና። ደህና ነን።